“ልጄ መተንፈስ አቃተኝ አለኝ”፦ እዚህ ላይ “እኔ” ማን ነው? (ስለ ሜዱምባና ስለ አማርኛ)

አስተርጓሚዋ

ሰላም ለሁላችሁ። አውሮፓ ውስጥ ለሐኪም ቤቶችና ለስደተኞች ቃለ መጠይቅ በአማርኛ አስተርጓሚነት እሠራለሁ። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ያየሁት ነገር ነው። አንዲት እናት የስምንት ዓመት ልጇን ይዛ ሐኪም ቤት መጣች። እኔ እስክደርስ ድረስ በስልክ ላይ ባለ የትርጉም ፕሮግራም ሲነጋገሩ ቆይተዋል። እናቲቱ የተናገረችው “ልጄ መተንፈስ አቃተኝ አለኝ” የሚል ነበር። ስደርስ ሐኪሟ የምታዳምጠው የልጁን ሳይሆን የእናቲቱን ደረት ነው። ፕሮግራሙ “ልጄ እኔ መተንፈስ እንዳቃተኝ ነገረኝ” ብሎ ነበር ያቀረበላት። እናቲቱ ደግሞ ልብሷን ለምን እንደምትከፍት ስላልገባት ልጇን እያሳየች ታለቅስ ነበር። ልጁ ደኅና ነው፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ይህች ዓረፍተ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣችም።

ነገሩን ተራ በምንጠብቅበት ክፍል ውስጥ ለአንድ ካሜሩናዊ ባልደረባዬ አጫወትኩት። እሱ የባንጋንግቴ ሰው ነው፤ አፉን የፈታው በሜዱምባ ነው። በእነሱ ቋንቋ “አለ” ወይም “አሰበ” የሚለው ግስ ቀድሞ ይመጣል፤ ከዚያ “ምቡ” የምትል አጭር ቃል ትከተላለች፤ የተባለው ወይም የታሰበው ነገር ከእሷ በኋላ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ይቀመጣል። እኔም የእኛን ስጽፍለት “ይመጣል ብሎ አሰበ” አልኩት። “ስለዚህ ሰውየው ምን እንዳደረገ የማውቀው መጨረሻ ላይ ነው?” አለኝ። አዎ፣ መጨረሻ ላይ ነው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። የእነሱ “ምቡ” እና የእኛ “ብሎ” አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት? ሁለተኛው የሚያሳስበኝ ነው፦ ሰው የሌላውን ሰው ንግግር ሲያደርስ “እኔ” የሚለው ቃል የማን እንደሆነ ቋንቋዎች የሚለዩት እንዴት ነው?

የሰዋስው መምህር

እህቴ፣ ጥያቄሽ ትልቅ ነው። ከቀላሉ ልጀምር።

ሜዱምባ በምዕራብ ካሜሩን፣ በንዴ አውራጃ፣ በባንጋንግቴና በአካባቢዋ ይነገራል። ከባሚሌኬ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ እነዚህ ደግሞ የካሜሩን የሣር ምድር ከሚባለው ደጋ የባንቱ ዘመዶች ይቆጠራሉ። የዓረፍተ ነገሩ ቅደም ተከተል ባለቤት፣ ግስ፣ ተሳቢ ነው። “ልጁ በላ ዳቦ” እንደማለት።

አሁን ይህን ተመልከቺ። በእኛ ቋንቋ ተሳቢ ከግስ በፊት ይቀመጣል፦ “ዳቦ በላ”። የታሰበው ነገር የ“አሰበ” ተሳቢ ስለሆነ እሱም በፊት ይቀመጣል፦ “ይመጣል ብሎ አሰበ”። በሜዱምባ ተሳቢው ከግስ በኋላ ስለሆነ የታሰበውም በኋላ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጊና አገናኟ ቃል የት እንዳለች እዪ። በእነሱ “አሰበ፣ ምቡ፣ ይመጣል”፤ በእኛ “ይመጣል፣ ብሎ፣ አሰበ”። በሁለቱም መሃል ላይ ናት፤ ግሱንና ሐሳቡን እንደ ማጠፊያ ታያይዛለች። አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ነው። ይህን ለተማሪዎች ባስተማርኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ልዩነታቸው ሌላ ቦታ ነው። “ምቡ” ማንም ቢያስብ ያው “ምቡ” ናት። የእኛዋ ግን ትረባለች፦ ብዬ አሰብኩ፣ ብለህ አሰብክ፣ ብላ አሰበች፣ ብለው አሰቡ።

ወለተ ግዕዝ

መምህር፣ አንድ ነገር ልጨምር። ግዕዝ በዚህ ረገድ ከአማርኛ ይልቅ ለዚያ ለካሜሩኑ ቋንቋ ይቀርባል። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ቁጥር 3 “ወይቤ እግዚአብሔር ለይኩን ብርሃን” ይላል። “ይቤ” ቀደመ፣ የተባለው ተከተለ። አማርኛው “እግዚአብሔርም ብርሃን ይሁን አለ” ብሎ ገለበጠው። አያቴ የቅኔ ሰው ነበሩ፤ “ግዕዝ ተናጋሪውን ያስተዋውቅሃል፣ አማርኛ ቃሉን ያሰማህና ባለቤቱን ኋላ ይነግርሃል” ይሉን ነበር። ያኔ ልጅ ስለነበርኩ አልገባኝም፤ አሁን የአስተርጓሚዋን ጽሑፍ ሳነብ ገባኝ።

የጅማው ልጅ

በአፋን ኦሮሞም እንደ አማርኛው ነው። “ኢኒ ነን ዹፋ ጄዼ” ማለት በቃል በቃል “እሱ እመጣለሁ አለ” ነው። “ነን” የምትለዋ የአንደኛ መደብ ምልክት ናት፤ የሚመጣው ግን ተናጋሪው እኔ ሳልሆን “እሱ” ነው። ለማሰብም ያንኑ “ጄዼ”ን እንጠቀማለን፣ መጨረሻው ረዘም ይላል፦ “ኢኒ ነን ሞአዻ ጄዼ ያዴ”፣ “አሸንፋለሁ ብሎ አሰበ”። ትግርኛ የሚናገር ጎረቤቴን ጠይቄው “ክመጽእ እየ ኢሉ” አለኝ፤ ይኸውም ያው ነው።

ስለዚህ ይህ የአማርኛ ብቻ ጠባይ ሳይሆን የአገራችን ጠባይ ይመስለኛል። ኩሽም ሆነ ሴም ሳይለይ።

የሰዋስው መምህር

ትክክል ነህ። የቋንቋ ምሁሩ ቻርልስ ፈርጉሰን በ1976 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን እንደ አንድ የቋንቋ አካባቢ ሲገልጽ ከዘረዘራቸው የጋራ ጠባዮች መካከል ጥቅስን በ“አለ” ማሰር አንዱ ነው። “ዝም አለ፣ ብድግ አለ፣ ቀጥ አለ” የምንላቸውም እዚያው ውስጥ ይገባሉ። የዘር ሐረጋቸው የተለያየ ቋንቋዎች አብረው ኖረው አንድ ልማድ ተጋሩ።

ጥያቄ አለኝ

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ አልተስማማሁም። “ብሎ” እኮ ግስ ነው። “በልቶ ሄደ” እንደምንለው “ብሎ ሄደ” እንላለን። ስለ “ምቡ” አላውቅም፤ “ብሎ”ን ግን አገናኝ ቃል ማለት ሕያው ግስን ቆርጦ ደረቅ መስተዋድድ ማድረግ ነው። ሰውየው በልቡ ተናገረ፣ ከዚያ አሰበ፤ በቃ።

የሰዋስው መምህር

ወንድሜ፣ ቅሬታህ ከባድ ነው፤ ስለዚህ በምሳሌ እንየው።

“ይዘንባል ብዬ ጃንጥላ ያዝኩ።” እዚህ ማን ምን ተናገረ? ማንም። “ብዬ” ምክንያት ነው የምትገልጸው። “ልጁ ይርበዋል ብላ ምሳ ቋጠረች።” ይኸውም ሥጋት ነው እንጂ ንግግር አይደለም።

ሌላው ፈተና “አውቃለሁ” ነው። “ይመጣል ብዬ አሰብኩ” ያምራል። “ይመጣል ብዬ አመንኩ፣ ጠረጠርኩ፣ ፈራሁ፣ ተስፋ አደረግኩ” ሁሉም ያምራል። አሁን “ይመጣል ብዬ አውቃለሁ” በል። “ከዚህ በፊት ብያለሁ” ለማለት ካልሆነ ጆሮህ አይቀበለውም። የምትለው “እንደሚመጣ አውቃለሁ” ወይም “መምጣቱን አውቃለሁ” ነው። “ብሎ” ተራ ግስ ቢሆን ኖሮ “በልቤ ተናግሬ አውቃለሁ” ማለት ለምን ይከለከላል? የሚከለከለው “ብሎ” የራሱ ሥራ ስላለው ነው፦ ሐሳቡ የዚያ ሰው ነው፣ እውነት ለመሆኑ እኔ ዋስ አይደለሁም ይላል። ዕውቀት ደግሞ ዋስ ይፈልጋል። ለዚህ ነው “ሞቷል ብለው አለቀሱ” ስንሰማ ሰውየው ምናልባት በሕይወት አለ ብለን የምንጠረጥረው፤ “መሞቱን ሰምተው አለቀሱ” ስንሰማ ግን የማንጠረጥረው።

ስለ መርባቱ ደግሞ፣ መርባቱ ብቻውን አገናኝነቱን አያሳጣውም። በምዕራብ ኬንያ የሚነገረው ሉቡኩሱ የሚባል የባንቱ ቋንቋ አለ። እዚያ አገናኟ ቃል ራሷ የዋናውን ዓረፍተ ነገር ባለቤት ምልክት ትለብሳለች፤ ሰዎቹ ከሆኑ የሰዎቹን፣ እሱ ከሆነ የእሱን። “ብዬ፣ ብላ፣ ብለው” እንደምንለው ማለት ነው።

ጥያቄ አለኝ

የ“አውቃለሁ” ምሳሌ አሳመነችኝ። እስካሁን አስተውያት አላውቅም ነበር። ሌላውን አስቤበት እመለሳለሁ።

ዱዋላ ነዋሪ

እንደምን አላችሁ። ለሥራ ዱዋላ ከመጣሁ አራት ዓመት ሆነኝ፤ የሜዱምባ ነገር ሲነሣ ዝም ማለት አልቻልኩም። እዚህ ገበያ ውስጥ የሁሉም መገናኛ ከሆኑት አንዱ የካሜሩን ፒጂን ነው። በፒጂን “ይመጣል ብዬ አስባለሁ” ለማለት “አ ቲንክ ሴይ ኢ ጎ ካም” ይላሉ። “ሴይ” የመጣችው “ማለት” ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። እንግሊዝኛው ራሱ እዚህ ቦታ ላይ እንዲህ አይልም፤ ቃሉን ከእንግሊዝኛ ወስደው አጠቃቀሙን ከአፍሪካ ቋንቋዎች ሰጡት። “ማሰብ” ቀጥሎም “ማለት”፤ ልክ “ብዬ አሰብኩ” እንደሚባለው! ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማው ቆሜ ቀረሁ። ከአገሬ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቄ፣ ባልተዛመደ ቋንቋ ውስጥ፣ የእናቴን ዓረፍተ ነገር ሰማሁ።

ከዚህ ጋር ባይያያዝም ልናገር። ከባንጋንግቴ ብዙም በማይርቀው በፉምባን፣ ሱልጣን ኢብራሂም ንጆያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለባሙም ቋንቋ ፊደል ፈለሰፈ። መጀመሪያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምልክቶች ነበሩት፤ እያሻሻለው ሄዶ ወደ 80 አወረዳቸው። ስሙን የሚያገኘው ከመጀመሪያዎቹ አራት ምልክቶች ነው፦ “አ ካ ኡ ኩ”። “ሀ ሁ” ብሎ ለቆጠረ ሰው ይህ ልብ የሚነካ ነገር ነው። የባሙም ቋንቋ ደግሞ የሜዱምባ የቅርብ ዘመድ ነው።

የሰዋስው መምህር

ዱዋላ ነዋሪ፣ የሰማኸው ነገር በምዕራብ አፍሪካም ሞልቷል። በጋናና በቶጎ የሚነገረው ኤዌ “ቤ” ይላል፣ ትርጉሙ “አለ” ነው፤ ያው ቃል አገናኝም ነው። አካን “ሴ” ይላል። ሐውሳም “ቼዋ” የሚለውን ከ“ማለት” ነው ያገኘው። ሰው የሌላውን ሐሳብ ሊያይ አይችልም፤ ሊሰማ የሚችለው ንግግሩን ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ ሐሳብ ማውራት ሲፈልግ ከንግግር ይበደራል ብዬ እገምታለሁ።

ወለተ ግዕዝ

መዝሙረ ዳዊትም “ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል” ነው የሚለው። “ያስባል” አላለም።

አስተርጓሚዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለተኛው ጥያቄዬ ግን ገና ነው። የልጁ “አቃተኝ” የእናቲቱ “አቃተኝ” የሆነው እንዴት ነው?

የሰዋስው መምህር

አሁን ወደ ልቡ ገባን። ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ አማርኛ በዚህ ጉዳይ በዓለም የቋንቋ ጥናት ውስጥ ስሙ የተነሣ ቋንቋ ነው።

ዴቪድ ካፕላን የሚባል አሜሪካዊ ፈላስፋ በ1977 እ.ኤ.አ. ስለ “እኔ”፣ “አንተ”፣ “ዛሬ”፣ “እዚህ” ጽፎ ነበር፤ ጽሑፉ የታተመው በ1989 ነው። “እኔ” ምንጊዜም የሚያመለክተው አሁን የሚናገረውን ሰው ነው፤ የትኛውም ግስ ይህን ሊለውጠው አይችልም አለ። ሊለውጥ የሚችል ቃል ቢኖር ኖሮ “ጭራቅ” ይሆን ነበር፤ እንዲህ ያለ ጭራቅ ግን የለም አለ። በእንግሊዝኛ “ጆን እኔ ጀግና እንደሆንኩ ይናገራል” እንደማለት ያለ ነገር ብትይ ጀግናው አንቺ ትሆኛለሽ እንጂ ጆን አይሆንም።

ፊሊፕ ሽሌንከር የተባለው ምሁር ግን በ1999 በጻፈው የመመረቂያ ጥናትና በ2003 ባሳተመው ጽሑፍ “ጭራቁ አለ” አለ። የጠራው ምስክር አማርኛን ነበር። ምሳሌው “ጆን ጀግና ነኝ ይላል” ነው። “ነኝ” የአንደኛ መደብ ናት፤ ጀግናው ግን ጆን ነው። መረጃው ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው በአማርኛ ሰዋስው ላይ ዕድሜ ልኩን ከደከመው ከቮልፍ ሌስላው ነው።

አንድ ሰው “ይህ ጥቅስ ነው፤ ጆን ያለውን ቃል በቃል መድገም ነው” ሊል ይችላል። ጥቅስ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባልገረመ ነበር። ጥቅስ ብቻ አለመሆኑን የምታሳየው ግን ሁላችንም በየሌሊቱ የምንላት ዓረፍተ ነገር ናት፦

“እንቅልፍ አልወስደኝ አለ።”

ቀስ ብላችሁ እዩዋት። “አልወስድ” የአንደኛ መደብ ነው፤ ሦስተኛ መደብ ቢሆን “አይወስድ” ነበር። “እንቅልፍ አይወስደኝ አለ” የሚል ሰው የለም። ስለዚህ “አልወስድ” የሚለው እንቅልፍ ነው፤ “እኔ” ያለው እንቅልፍ ነው። ቀጥላ ያለችው “ኝ” ግን እንቅልፍ አይደለችም፤ አልጋው ላይ የምገላበጠው እኔ ነኝ። ጥቅስ ቢሆን እንቅልፍ ያለው “እኔን አልወስድም” ሳይሆን “አንተን አልወስድህም” ነው የሚሆነው። በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት “እኔ” አለ፤ አንዱ የእንቅልፍ፣ አንዱ የእኔ። ይህን ዓይነት ነገር የውጭ ምሁራን “ልጄ አልታዘዘኝ አለ” በሚለው ምሳሌ ሲከራከሩበት ኖረዋል፤ እኔ ግን የእንቅልፉን እመርጣለሁ።

ጥያቄ አለኝ

ተመለስኩ። ይቺ የደረቀች ፈሊጥ ብትሆንስ? “ልቡ ቆመ” እንደማለት?

የጅማው ልጅ

ፈሊጥ ቢሆን ኖሮ በአዲስ ቃል አይሠራም ነበር። “በሩ አልከፈትልኝ አለ።” “መኪናው አልነሣልኝ አለ።” “ሕፃኑ አልበላልኝ አለ።” “ኮምፒውተሩ አልከፍትልኝ አለ።” ኮምፒውተር ለቋንቋው አዲስ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን ያለ ችግር ተቀበለው።

አስተርጓሚዋ

የእናቲቱ ዓረፍተ ነገር አሁን ብርሃን ሆነልኝ። “ልጄ መተንፈስ አቃተኝ አለኝ” ውስጥ “አቃተኝ” ላይ ያለችው “ኝ” የልጁ ናት፣ “አለኝ” ላይ ያለችው “ኝ” የእናቲቱ ናት። በሁለት ተከታታይ ቃላት ላይ ያለች አንድ ፊደል ባለቤቷን ቀየረች። በየቀኑ ያለ ምንም ድካም እንለየዋለን!

መሐንዲሱ

በቋንቋ ፕሮግራሞች ላይ ስለምሠራ የማሽኑን ስሕተት ከውስጥ ልግለጽ። ማሽኑ አብዛኛውን ትምህርቱን የሚያገኘው “እኔ” ከማይንቀሳቀስባቸው ትልልቅ ቋንቋዎች ነው። በዚያ ላይ እኛ ስንጽፍ ትእምርተ ጥቅስ ብዙ ጊዜ አንጠቀምም፤ ስንናገር ደግሞ ጭራሹን የለም። ስለዚህ ለማሽኑ “ነኝ” ባየ ቁጥር የሚቀናው ተናጋሪውን መምረጥ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ሁለቱም ትርጉም የሚቻልበት ጊዜ መኖሩ ነው። “ሐኪሙ ደም ግፊት አለብኝ አለ” ብላችሁ ግፊቱ የማን ነው? ሐኪሙ ስለ ራሱ ተናግሮ ሊሆን ይችላል፤ ስለ እኔ ነግሮኝም ሊሆን ይችላል። ሰው የሚፈርደው ከሁኔታው ነው፤ ሐኪም ዘንድ የሄድኩት እኔ ነኝና። “ሐኪሙ ደም ግፊት እንዳለብኝ ነገረኝ” ካልኩ ግን ጥርጣሬ የለም፤ “እንደ” ከገባች “እኔ” ቦታዋን አትለቅም። ቋንቋችን ሁለት መንገድ አለው፦ “ብሎ” ወይም “አለ” ባለበት መንገድ “እኔ” ልትሻገር ትችላለች፣ “እንደ” ባለበት መንገድ አትሻገርም።

ዱዋላ ነዋሪ

እዚህ ካሜሩን ውስጥ ለዚህ ችግር የተለየ ተውላጠ ስም ያላቸው ቋንቋዎች አሉ ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው መምህር?

የሰዋስው መምህር

እውነት ነው፤ ጥናቱም የተጀመረው ከዚያው አካባቢ ነው። ክሎድ ሃዤዥ የተባለው ፈረንሳዊ የቋንቋ ሊቅ በ1974 እ.ኤ.አ. በካሜሩንና በቻድ ድንበር አካባቢ ከሚነገሩት እንደ ሙንዳንግና ቱቡሪ ካሉ ቋንቋዎች ተነሥቶ ለእነዚህ ተውላጠ ስሞች ስም አወጣላቸው። ስሙ በግሪክኛ “ቃል ተሸካሚ” እንደማለት ነው። ከሜዱምባ ጋር በሣር ምድር ቋንቋዎች ቤተሰብ ከሚዛመዱት መካከል በሰሜን ምዕራብ ካሜሩን የሚነገረው አግም አለው።

ከሁሉም ግልጽ ሆኖ የሚታየኝ የኤዌ ምሳሌ ነው። “ኮፊ ቤ ዬድዞ” ማለት ኮፊ ሄድኩ አለ፣ የሄደው ራሱ ኮፊ ነው። “ኮፊ ቤ ኤድዞ” ማለት ኮፊ ሄደ አለ፣ የሄደው ሌላ ሰው ነው። “ዬ” ማለት “ያ የተናገረው ሰው ራሱ” ነው። የምትገኘው በ“አለ” እና በ“አሰበ” ዓይነት ግሶች ሥር ነው።

ስለዚህ መንገዶቹን እዩአቸው። እንግሊዝኛ “እሱ ታምሟል አለ” ብሎ ያልፋል፤ ማን እንደታመመ አድማጭ ይገምት። ኤዌና አግም ለተናጋሪው የራሱን ምልክት ሰጡት። አማርኛ ደግሞ “እኔ”ን አንሥቶ ለተናጋሪው አዋሰው። እኔ በግሌ የኤዌን መንገድ አደንቃለሁ፤ ስሕተት አይጋብዝም። የእኛው ግን የሰውየውን ድምፅ ይዞ ይመጣል። “ታምሜአለሁ አለ” ሲባል ሰውየው ሲያቃስት ይሰማኛል።

ወለተ ግዕዝ

አንድ ጥያቄ። “ራሰ በራ ነኝ ብሎ አሰበ” እና “ራሰ በራ ነው ብሎ አሰበ” ስለ አንድ ሰው ሊነገሩ ይችላሉ?

የሰዋስው መምህር

ይችላሉ፤ እንዲያውም ልዩነታቸው የፈላስፎች መነጋገሪያ ነው። አንድ ሰው ከጀርባው የተነሣ ፎቶግራፍ ያያል እንበል። የራሱ መሆኑን አላወቀም። “ይህ ሰው ራሰ በራ ነው” ብሎ ያዝንለታል። ስለ ራሱ ነው ያሰበው፣ ግን ሳያውቅ። ይህን ሰው “ራሰ በራ ነው ብሎ አሰበ” እንለዋለን፤ “ራሰ በራ ነኝ ብሎ አሰበ” ልንለው ግን አንችልም። “ነኝ” የምትፈቀደው እጁን አናቱ ላይ አድርጎ የገባው ቀን ብቻ ነው። የኤዌ “ዬ”ም በተመሳሳይ ጉዳይ ሲመረመር ኖሯል።

አስተርጓሚዋ

ትናንት ከባልደረባዬ ጋር ስለ ጥያቄ ዓረፍተ ነገሮች ተጫወትን፤ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። በሜዱምባ የጥያቄው ቃል በቦታው ሊቆይ ይችላል። ወደ ዓረፍተ ነገሩ ራስ መውጣት ከፈለገ ደግሞ “አ” የምትል የትኩረት ምልክት ትቀድመዋለች። የገረመኝ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው፦ የጥያቄው ቃል ሲወጣ የግሱ ድምፅ ከፍታ ይለወጣል። ፊደሉ ያው ነው፤ ዜማው ግን “አንድ ነገር ከእኔ በታች ተነሥቶ ሄዷል” ይላል። ከፍታና ዝቅታ በቋንቋው ቃልን ከቃል ይለያሉ፤ ሰዋስውንም ይሸከማሉ። እሱ ሲናገረው ሦስት ጊዜ አስደገምኩት፤ በሦስተኛው ላይ ለየሁት።

የእኛን ሲጠይቀኝ “ማን ይመጣል ብለህ ታስባለህ?” ብዬ ጻፍኩለት። “ማን” ከቦታው አልተነቃነቀም። ቀጥዬ “ምን ገዛሁ አለ?” አልኩት። ቃል በቃል ስተረጉምለት ግራ ተጋባ፤ “የገዛሽው አንቺ ነሽ? ጥያቄውስ የማን ነው?” አለኝ። እውነቱን ነው። “ገዛሁ” የእሱ ናት፤ “ምን” ግን የእኔ ጥያቄ ናት። እሱ “ምን ገዛሁ?” ብሎ አልጠየቀም፤ “በግ ገዛሁ” ነው ያለው፤ እኔ በጉ ስላልተሰማኝ በበጉ ቦታ “ምን” አስገባሁ።

የሰዋስው መምህር

ይህ ከእኔ ምሳሌዎች ሁሉ ይበልጣል። በአንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ የእሱ አፍና የአንቺ አፍ ተቀላቅለዋል። ጥቅስ ብቻ ነው ለሚል ሰው ሌላ መልስ አያስፈልግም፤ ከሰው ጥቅስ ውስጥ አንድ ቃል አውጥቶ በራስ ጥያቄ መተካት አይቻልምና።

ስለ ዜማው ደግሞ፣ እኛም ብንሆን ፊደል የማይጽፈው ነገር አለን። ይህን ክር ሙሉ ያወራንባት “አለ” ራሷ ሲላላ “ተናገረ” ናት፣ ሲጠብቅ “ይገኛል” ናት። ባልደረባሽ አማርኛ ቢማር መጀመሪያ የሚሰናከልባት እሷ ናት፤ ታገሺው።

ጥያቄ አለኝ

ተረታሁ፤ ደስ ብሎኝ ነው የተረታሁት። አስተርጓሚዋ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። በቃለ መጠይቅ ላይ ሁለቱም ትርጉም ሲቻል ምን ታደርጊያለሽ? በስደተኛ ጉዳይ ላይ “ወታደሩ እኔ ነኝ ያቃጠልኩት አለ” የሚል ምስክርነት ቢመጣ፣ “እኔ” ማን እንደሆነ የሰው ሕይወት ይወስናል።

አስተርጓሚዋ

ወንድሜ፣ እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው። የማደርገውን ልንገርህ። መጀመሪያ አልገምትም። ጠያቂውን አስፈቅጄ “ያቃጠለው ማን ነው?” ብዬ ባለጉዳዩን እጠይቃለሁ፤ ስም ወይም ማዕረግ እስኪጠራልኝ እጠብቃለሁ። ከዚያ ስተረጉም “እኔ” የሚለውን ትቼ “ያቃጠለው ወታደሩ ራሱ እንደሆነ ወታደሩ ተናገረ” የሚል ስሜት ባለው መንገድ አስቀምጠዋለሁ፤ መዝገቡ ላይም እንዲህ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ። ይህን ሳደርግ አንዳንድ ጠያቂዎች ጊዜ ታባክኛለሽ ብለው ያዩኛል። ከአሁን በኋላ “እንቅልፍ አልወስደኝ አለ”ን ጽፌ ሁለቱን “እኔ” በሁለት ቀለም አስምሬ ላሳያቸው አስቤአለሁ።

ወረቀቷን ዛሬ ጠዋት ሠራኋት። የመጀመሪያዋን ቅጂ ባልደረባዬ ወሰዳት፤ ከታች በሜዱምባ የእነሱን እንዲጽፍበት ቦታ ትቼለታለሁ።